ቦሊቪያ ለሥራ ልትሄድ ነው? መጀመሪያ ከተማውን ንገረኝ

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት። ቦሊቪያ ሥራ አግኝተሃል፤ አገሩ፣ ኑሮውና ሕዝቡ ምን እንደሚመስል የኖረበት ሰው ይንገረኝ ብለሃል። እኔ በውሃ ፕሮጀክት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ኖሬበታለሁ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፍልህ)። አንተ ግን የትኛው ከተማ እንደምትሄድ አልጻፍክም። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ለምን መሰለህ፣ ቦሊቪያን የሚከፋፍላት ከፍታ ነው፣ ልክ እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንደምንለው። ሳንታ ክሩዝ ቆላ ናት፣ 400 ሜትር ገደማ። ሙቀት ነው፣ የአኩሪ አተር እርሻ ነው፣ ከብት ነው፣ ገንዘብም ያለው እዛ ነው። ኮቻባምባ 2,550 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ቁርጥ አዲስ አበባን። ላ ፓስ 3,600 ሜትር። ከላ ፓስ አናት ላይ የተቀመጠችው ኤል አልቶ ደግሞ 4,100 ታልፋለች። ኤርፖርቱ ያለው እዛ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ የሚያንሰው 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኔ ታዲያ “የአዲስ አበባ ልጅን ከፍታ አይበግረውም” ብዬ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ሁለት ቀን ጭንቅላቴን ይዤ ተኛሁ። ይሄን የከፍታ ሕመም ሶሮቼ ይሉታል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ድረስ፣ ከዛ ሳንታ ክሩዝ፣ ከዛ ኮቻባምባ ጥቂት ቀን አድረህ ቀስ ብለህ ውጣ። የኮካ ቅጠል ሻይ ይሰጡሃል፣ እዛ ሕጋዊ ነው፣ ጠጣ። ስትመለስ ግን አንዲት ቅጠል ሻንጣህ ውስጥ እንዳትገኝ።

ስፋቱ ከኛ አገር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ወደ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር። ሕዝቡ ግን በ2024ቱ ቆጠራ 11.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። መኪና ውስጥ ሰዓታት ትሄድና ሰው አታይም። ደጋው ላይ አይማራ፣ ሸለቆዎቹ ላይ ኬችዋ የሚባሉ ሕዝቦች ይበዛሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ከእስፓኒሽ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን የሥራ ቋንቋ አድርጓል። አንተ ግን እስፓኒሽህን አሁኑኑ ጀምር። እንግሊዝኛ ከሆቴል በር አያልፍም። (በወረቀት ዋና ከተማዋ ሱክሬ ናት፤ መንግሥት የተቀመጠው ላ ፓስ ነው። ፎርም ስትሞላ እንዳትሳሳት።)

ላ ፓስ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እዛ ሀብታም ወደ ታች ነው የሚኖረው፣ ታች ይሞቃላ። ደሃው ላይ፣ ብርዱ ውስጥ። በ2014 ሥራ የጀመረ የኬብል መኪና አላቸው፣ አሁን 10 መስመር ደርሷል፤ ከኤል አልቶ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ እየተንሳፈፍክ ትወርዳለህ። ከሚኒባሱ ግፊያ ገላገለኝ። ምግቡ ድንች ነው፣ ድንች፣ አሁንም ድንች። ቹኞ የሚሉት አለ፤ ድንቹን ሌሊት ውርጭ ላይ አስጥተው በእግራቸው ይረግጡትና በፀሐይ ያደርቁታል። የድንች ድርቆሽ በለው። አልወደድኩትም።

ወደ ኢኮኖሚው ስመጣ፣ አገሩ ሁሌም ከመሬት በሚወጣ አንድ ነገር ነው የኖረው። ድሮ የፖቶሲ ከተማ የብር ማዕድን፣ ከዛ ቆርቆሮ። በ1985 የቆርቆሮ ዋጋ ሲወድቅ ከ20 ሺህ በላይ የመንግሥት ማዕድን ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ኤል አልቶን ከሞሏት መካከል እነሱ አሉበት። ከዛ የተፈጥሮ ጋዝ መጣ። ለብራዚልና ለአርጀንቲና ሸጡ፣ ድህነቱም በደንብ ቀነሰ። ከ2014 በኋላ ግን የጋዙ ምርት እየወረደ ሄደ፤ አዲስ ጉድጓድ በበቂ አልተፈለገም። ጋዝ ሲቀንስ ዶላር ጠፋ። ይሄን ታሪክ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2023 ባንኮች ዶላር የለም አሉ። የባንኩ ዋጋ ለአንድ ዶላር 6.96 ቦሊቪያኖ (የአገሩ ገንዘብ) ነበር፤ እኔ በ2024 መጨረሻ ስወጣ በጥቁር ገበያ ከ10 አልፎ ነበር። ደሞዜ በዶላር የሚገባበት ባንክ በራሱ ዋጋ ቦሊቪያኖ እየቆጠረ ሰጠኝ፤ ገንዘቤ ዓይኔ እያየ ቀለጠ። ስለዚህ ውል ከመፈረምህ በፊት ደሞዝህ በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው አገር ሒሳብ እንደሚገባ ጠይቅ። የናፍጣ ሰልፍም ነበር፤ ከባድ መኪና ነጂዎች እዛው ሰልፉ ላይ ያድሩ ነበር።

“ሊቲየም (ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን) አላቸው” ሲሉህ ደግሞ አትቸኩል። ኡዩኒ የሚባለው የጨው ሜዳ ከ10 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሊቲየምም ከዓለም ቀዳሚ ነው ይባላል። ጨው ውስጥ መኖሩና ወጥቶ መሸጡ ግን ለየቅል ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ባሕር ነው። ከቺሊ ጋር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዋግተው የባሕር በራቸውን አጡ፣ እስከ ዛሬ መጋቢት በገባ ቁጥር የባሕር ቀን ያከብራሉ። ባሕር ኃይልም አላቸው፣ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ። የሥራ ባልደረቦቼ እኛም ወደብ እንደሌለን ሲሰሙ አቅፈውኝ ቢራ ጋበዙኝ።

መንገድ መዝጋት የተለመደ ነው፣ ብሎኬዮ ይሉታል። በ2024 ጥቅምት ኮቻባምባ ዙሪያ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ አትክልት ዋጋው ጣሪያ ነካ። ቤትህ ሩዝና ዘይት አስቀምጥ።

ከተማውን ጻፍልኝ፣ የትኛው ሰፈር ቤት እንደምትፈልግ እነግርሃለሁ። ላ ፓስ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዝ፤ እኔ የተከራየሁት ቤት ማሞቂያ የሚባል ነገር አልነበረውም።