«አዳልጦት ነው» ስንል

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ስለ ፏፏቴና ስለ ገደል አፋፍ ያወራሉ፣ ሦስተኛው ራሱን ሊያጠፋ ይሆን ስለሚያሰኝ ጓደኛ ነው። ክረምቱ እየወጣ ነው፣ ሰው ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ስሜን መጉረፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሳላሳድር ልመልስ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አስጎብኚ ነኝ፣ ፒያሳ ነው የምውለው። እንግዳ ይዤ ስሜን ተራሮች እወጣለሁ፣ ጢስ ዓባይም እወርዳለሁ። በቅርቡ አንድ ልጅ ብቻውን አፋፍ ላይ ቆሞ አየሁ። ፎቶ አያነሳም፣ ስልክ አያወራም፣ ዝም ብሎ ቁልቁል ያያል። ልጠጋው ፈልጌ ፈራሁ። ያላሰበውን ባሳስበውስ ብዬ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሶ በሰላም ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጓደኛዬ ደግሞ ‹መሞት የፈለገ ይሞታል፣ አጥር ቢሠሩ ምን ዋጋ አለው› አለኝ። እውነቱን ነው? ፏፏቴ ላይ የሚሞተው ሰውስ ተንሸራቶ ነው ወይስ ሌላ ነው?»
አስጎብኚው፣ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ሁለቱም አለ። በዓለም ላይ ታዋቂ በሆነ ፏፏቴ ሁሉ ሁለቱም አለ፣ ችግሩ ደግሞ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ መምሰላቸው ነው። እኛ ዘንድ ለሁለቱም አንድ ቃል አለን፤ «አዳልጦት ነው» እንላለን። ቃሉ ለቤተሰብ ያዘነ ሰው ያመጣው ቃል ነው፣ አልጠላውም። ግን በሩን ይዘጋዋል። እውነት አዳልጦት ከሆነ ለምን አዳለጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። አዳልጦት ካልሆነ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ማን አገኘው፣ ምን አለ፣ ምን ሆኖ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለሁለቱም ሳንዘጋጅ የሚቀጥለው ሰው ይመጣል።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ላይ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሲሞትብን ቀኑ ደርሶ ነው ብለን ዝም አላልንም። እንጨቱ እንዴት ተሠራ፣ ስንት ሰው ወጣበት ብለን ጠየቅን። ገደል አፋፍ ላይ ለሚሞተውም እንደዚያው መጠየቅ አለብን።

አሁን ስለ ማንሸራተቱ። ፏፏቴ አጠገብ ያለ ድንጋይ ደረቅ ቢመስልህም አትመነው። ጢስ ዓባይ ስሙ ራሱ ይነግርሃል፤ ያ ጢስ የሚባለው ውሃ ነው፣ ቀን ከሌት ድንጋዩን ያረጥበዋል፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያበቅልበታል። ስኒከር ይሁን ሰንደል ለውጥ የለውም። ከፏፏቴው በላይ ያለው ውሃ ደግሞ የዋህ ይመስላል። ጸጥ ብሎ ይፈሳል፤ ሰው እግሬን ልታጠብ ብሎ ይገባል። ጉልበት የማይደርስ ውሃ ፍጥነት ካለው ጎልማሳ ሰው ይጥላል። የጢስ ዓባይ ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ልክ አይደለም፤ ክረምቱ አለ፣ በ1964 እና በ2001 በፈረንጆቹ ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎችም ከወንዙ ይወስዳሉ። ባለፈው ወር የቆምክበት ድንጋይ ዛሬ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በየካቲት ያየውን ይዞ በነሐሴ የሚሄድ ሰው ያስፈራኛል።

ስሜን ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ ሆነህ ነው የምታየው፤ ውሃው ወደ ጊጭ ገደል በመቶ በሚቆጠር ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ የሚጥልህ ሣሩ ነው። ሣሩ አፋፉን ይሸፍነዋል፣ መሬት ይመስልሃል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ጭጋጉም በደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የያዝኩትን ሰው እጅ እንኳን ማየት አቅቶኝ ባለሁበት ቁጭ ብያለሁ። እንግዶችህን አፋፉ ሳይደርሱ አስቁማቸው። ከገደሉ በሁለት ሰው ቁመት ያህል ራቅ ብሎ መቆም ፎቶውን አያበላሸውም።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ከ2011 እስከ 2017 በፈረንጆቹ በዓለም ዙሪያ ሰልፊ ሲነሱ የሞቱ 259 ሰዎች በአንድ ጥናት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከዋናዎቹ ምክንያቶች ውስጥም መስጠምና ከከፍታ መውደቅ አሉ። በዚያው በ2011 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባለው ናያግራ ፏፏቴ ላይ አንዲት የ19 ዓመት ጃፓናዊት ተማሪ የብረት አጥሩ ላይ ወጥታ ነበር፤ ተነስታ ልትወርድ ስትል ሚዛኗ ተዛብቶ ወንዙ ውስጥ ገባች፣ ፏፏቴው ወሰዳት። አጥር ነበር፤ ለመከላከያ የተሠራውን ለመቀመጫ አደረገችው። አንተም ድንጋይ አጥር ላይ የሚወጣ እንግዳ ስታይ «ይውረዱ» ለማለት አትፈር። ቢቆጣህ ይቆጣህ።

ናያግራ ላይ በ1960 በፈረንጆቹ የሆነውን ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል። ሮጀር ውድዋርድ የሚባል የ7 ዓመት ልጅ ጀልባ ተገልብጦ 50 ሜትር ከሚበልጠው ትልቁ ፏፏቴ ላይ ወርዶ ተረፈ። እኔ ከዚያ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነው። ልጁ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ነበር፣ ከታች ደግሞ ሰው ያለበት ጀልባ ነበረና ገመድ ተወረወረለት። እህቱን ከአፋፉ ላይ የጎተታት መንገደኛ ነው። በተገለበጠው ጀልባ ላይ የነበረው ትልቁ ሰው ግን ሞተ።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። «መሞት የፈለገ ይሞታል» የሚለው ነገር ብልህ ይመስላል፣ ግን ስህተት ነው፣ ይህን ሳላለሳልስ ነው የምናገረው። በአሜሪካ ጎልደን ጌት የሚባለው ድልድይ ላይ እስከ 1971 በፈረንጆቹ ድረስ ሊዘሉ ሲሉ የተያዙ 515 ሰዎችን አንድ ተመራማሪ ተከታትሎ ነበር፤ ጥናቱ በ1978 በፈረንጆቹ ወጣ። ጓደኛህ እንደሚለው ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ሌላ መንገድ ፈልገው መሞት ነበረባቸው። ከዓመታት በኋላ ከ100ው ወደ 90 የሚጠጋው ሰው ወይ በሕይወት አለ ወይ በተፈጥሮ ሞት ሞቷል። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ያለው ክሊፍተን ድልድይ ላይ በ1998 በፈረንጆቹ መከላከያ ሲሠራ እዚያ የሚሞተው ሰው በግማሽ ቀነሰ፤ በአካባቢው ከሌላ ቦታ የሚዘለው ቁጥርም ይህን የሚያካክስ ያህል አልጨመረም። ያ ክፉ ሰዓት ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ያልፋል። አጥሩ የሚሠራው ያ ሰዓት እስኪያልፍ ነው። በሩ ተቆልፎ ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ እንጀራ ይበላል፣ ይተኛል፣ ነገ ሌላ ቀን ይሆናል።

ልጁን መጠየቅ ነበረብህ? አዎ። ግን ራስህን አትውቀስ፣ ማንም አላስተማረህም። «ባሳስበውስ» የሚለው ፍርሃት የሁላችንም ነው፤ ተጠንቷል፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ብዙዎች እንደውም ሲጠየቁ ይቀላቸዋል፤ ለብቻቸው የተሸከሙትን ሰው ስላየላቸው። ከኋላ አትምጣበት፣ አትዝለልበት። በጎን በኩል እንዲያይህ ሆነህ ቅረብ። «ሰላም ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ? እኔ እዚህ ነው የምሠራው፣ ና እንቀመጥ» በለው። ስሙን ጠይቀው። ከዚያ በግልጽ፣ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» በለው። ቃሉ ከባድ ነው፣ ግን በሌላ ቃል ከዞርክበት እሱም ይዞርብሃል። ኃጢአት ነው ብለህ አትስበክ፤ እናትህን አስባት ብለህም አትጫነው፣ እናቱን ሲያስብ ነው የዋለው። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው፤ ከአፋፉ ወደ መንገዱ አብራችሁ ሂዱ። ለስካውቱ፣ ለፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ቀስ ብለህ ንገረው፣ ጠመንጃውንም ራቅ አድርጎ እንዲይዝ አስታውሰው። ከዚያ ቤተሰቡን፣ ከዚያ ጤና ተቋም።

«የጎረቤቴ ልጅ ፏፏቴ ወርዶ አረፈ። ቤተሰቡ አዳልጦት ነው ይላል። ሰፈሩ ሌላ ያወራል። እኔ ለቅሶ ልሄድ ነው፣ ምን ብዬ ልናገር? ካህናቱስ ጸሎተ ፍትሐት ያደርጉለታል?»
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

እናቴ፣ ለቅሶው ላይ ምንም አይጠይቁ። እርስዎም አላዩም፣ ሰፈሩም አላየም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጡ፣ ብዙ ይቀመጡ፣ ከሠልስቱም በኋላ ይመለሱ። እንዲህ ያለ ቤት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው ሰው የሚርቀው፤ እድሩ ይበተናል፣ እናትየዋ ከዚያ ሹክሹክታ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። የልጁን ስም ጠርተው ስለ ልጅነቱ ያውሩላት።

ስለ ጸሎቱ የሚመልሰው የንስሐ አባታቸው ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ጢሞቴዎስም ይኸው ተጠይቆ ነበር፣ ራሱን ከከፍታ ስለጣለ ሰው ጭምር። የመለሰውም ካህኑ ያ ሰው አእምሮውን ስቶ እንደሆነ ጠንቅቆ ይመርምር ብሎ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሕመም ካለ፣ ልጁ ታክሞ ወይም ጸበል ሄዶ ከሆነ፣ ለካህኑ ሳይደብቁ ይንገሩ። እህትና ወንድም ካሉትም በዓይንዎ ይከታተሏቸው፤ የሟች ቤተሰብ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ ነው።

«ዶርም አብሮኝ የሚኖር ጓደኛዬ ‹አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ ከዚያ በኋላ አትፈልጉኝም› ይላል። ይስቃል ደግሞ። ባለፈው ጃኬቱን ሰጠኝ። ምን ላድርግ?»
ተማሪ፣ ጎንደር

የኔ ወንድም፣ ይህን እንደ ጨዋታ አትየው። ሳቁን ተወው፣ ጃኬቱን ተመልከት። ዕቃ የሚያድል፣ ብድሩን ድንገት የሚከፍል፣ ከርሞ ከርሞ ሲጨነቅ የነበረና ድንገት ሰላም ያገኘ የሚመስል ሰው አለ። አንድ ሟች ለባለሱቁ የ40 ብር ዕዳ ከፍሎ «ተመስገን፣ ማንም አይፈልገኝም አሁን» ብሎ እንደነበር ለቅሶው ላይ ሰማሁ፤ ባለሱቁ ጉዳዩን የተረዳው ከቀብር መልስ ነው።

ዛሬ ማታ ጠይቀው። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ከላይ ለአስጎብኚው በጻፍኩት ቃል፣ በግልጽ። እንዴትና መቼ እንደሆነ አስቦበት ከሆነ ጠይቀው፤ አስቦበት ከሆነ አደጋው ቅርብ ነው። ምስጢር እንድትጠብቅለት ቢለምንህ ቃል አትግባለት። ይናደድብህ፣ ይኩረፍ፤ ኩርፊያ ይታረቃል። ብቻውን አታሳድረው። መድኃኒትም ይሁን ስለት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከክፍሉ አውጣ። ጠዋት አብረህ ውሰደው፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበልም መሄድ ከፈለገ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ። ሌሊት ላይ ከባሰበት ጠዋትን አትጠብቅ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው፣ መኪና ካጣህ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥራ። ለዶርም ኃላፊውም ንገር፤ ብቻህን አትሸከመው፣ አንተም ተማሪ ነህ።

ጃኬቱን መልስለት። «ቅዝቃዜው እየመጣ ነው፣ አንተ ልበሰው» በለው፤ ጥያቄህን ከዚያ ጀምር። ከሄዳችሁ በኋላ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።