ጥያቄና መልስ፦ «ና» ስንለው ለምን ይሸሻል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ውሻ ናቸው። በአንድ ላይ ልመልሳቸው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሦስት ውሻ አሳድጌ በመጀመሪያው ላይ ብዙ ጥፋት የሠራሁ ሰው ነኝ።

«ውሻችን አንድ ዓመት አልፎታል። ስሙን ያውቃል፣ ምግብ ሲቀርብለትም ይመጣል። በሩ ተከፍቶ ካመለጠ ግን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ብንጠራው ዞር ብሎም አያየን።» (ከአራት ኪሎ)

እኔም ልጠይቃችሁ፦ ተይዞ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ዱላ ከሆነ መልሱ እዚያው አለ።

የመጀመሪያው ውሻዬ አንድ ቀን የግቢው በር ገርበብ ብሎ አገኘና ወደ አስፋልቱ ተፈተለከ። በሸበጥ ተከተልኩት። ስሮጥ ይሮጣል። ስቆም ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ሚኒባሶቹ ቁልቁል ይምዘገዘጋሉ። ጥግ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ሲስቅብኝ ቆየና «ጋሼ፣ እርስዎ ስለሚሮጡ እኮ ነው የሚሮጠው» አለኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ውሻዬ ሄዶ ጉልበቱ ሥር ተለጠፈ። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? አንገቱን ይዤ በሸበጡ ገረፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ «ና» ባልኩት ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነበር። ይህን ለማስተካከል ወራት ፈጀብኝ።

ውሻ የ«ና»ን ትርጉም የሚያውቀው ከቃሉ በኋላ ከሚመጣው ነገር ነው። ዱላ ከመጣ «ና» ዱላ ነው። ከጨዋታ ጠርታችሁ ወዲያው ካሰራችሁት «ና» ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ልታጥቡት ወይም ልታስሩት ስትፈልጉ አትጥሩት፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት።

ልምምዱን ከሳሎን ጀምሩ። ሁለት እርምጃ ራቁና አንዴ ብቻ ጥሩት። እንደደረሰ፣ ሰከንድ ሳታሳልፉ፣ የሚወደውን ነገር ስጡትና መልሳችሁ ልቀቁት። «ና፣ ና፣ ና፣ አንተ ና እንጂ!» ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥሪዎች ባዶ ጩኸት መሆናቸውን ታስተምሩታላችሁ። ሳሎን ውስጥ ሲሳካ ወደ ግቢ ውጡ። ከግቢ ውጪ ደግሞ አሥር ሜትር ያህል ገመድ አስራችሁ ተለማመዱ። «ና» ከተበላሸባችሁ ቃሉን ጣሉትና «ወዲህ» በሚል እንደ አዲስ ጀምሩ። ካመለጠ አታሳዱት፤ ቁጢጥ በሉ፣ ወይም ጀርባችሁን ሰጥታችሁ በተቃራኒው ሩጡ። ሊከተላችሁ ይችላል።

«ሴት ውሻ አለችን። እኔ «ቁጭ በይ» እላታለሁ፣ ባለቤቴ «ተቀመጥ»፣ ልጆቹ «ሲት»፣ ዘበኛችን ደግሞ «ተኚ» ይላታል። የማንንም አትሰማም። ደደብ ሆና ይሆን?» (ከካዛንቺስ)

እህቴ፣ ደደብ አይደለችም። አራት ቋንቋ ነው ያስተማራችኋት። ውሻ ሰዋስው አያውቅም፤ «ና» እና «ነይ» ለእሷ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። እናንተ ለጾታዋ ተጨነቃችሁ እንጂ እሷ ግድም የላት። አንዱን ምረጡ። ለመቀመጥ «ቁጭ» ብቻ ይበቃል፤ በልም በይም አይፈልግም። ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው፣ ዘበኛውም ይወቀው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽምብራ የምታክል የምግብ ቁራጭ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሃል ያዢ። አፍንጫዋ ላይ አስጠጊያት። ከዚያ ቀስ አድርገሽ ከጭንቅላቷ በላይ ወደ ኋላ ውሰጂው። አፍንጫዋ እጅሽን ሲከተል አንገቷ ይቀናል፣ ቂጧ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ቂጧ መሬት እንደነካ «ጎሽ!» በይና ስጫት። ከዘለለች እጅሽ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ወደ ኋላ ከሸሸች ግድግዳ አጠገብ ሞክሪው። መጀመሪያ ቃል አትናገሪ፤ እንቅስቃሴው ሲለምድላት «ቁጭ» የሚለውን ጨምሪበት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። ከዚያ ካለፈ እሷም ትሰለቻለች፣ አንቺም ትቆጫለሽ።

«ጾም ገብቷል። ቤታችን ውስጥ ሥጋ የለም፣ እናቴም ሽታው እንዲኖር አትፈልግም። በምን ላሰልጥነው?» (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

አንተ ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የደረቀ ዳቦ ቁርጥራጭ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮት ይሠራል፤ ዋናው ከምግብ በፊት፣ ሲርበው ማሰልጠን ነው። የጾም ወጥ ግን አትስጠው። ሽንኩርት፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ዘቢብም አይሆንም። ጾሙ ሲፈታ ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝተህ በደንብ ቀቅልና በትንንሹ ክተፈው። ሳንባና ጉበት በጥሬው አይሰጥም፤ ከኮሶ ትል ጋር የሚዛመድ ትል ያስይዘዋል፣ ከእሱ እዳሪም ወደ ሰው ይተላለፋል።

«ከግቢ ቤት ተነስተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። የአራት ወር ቡችላችን ሳሎን ውስጥ ይሸናል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ባሽም ለውጥ የለም።» (ከልደታ)

ማሸቱን ይተዉት። እሱ የሚማረው እርስዎ እያዩ አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ ሶፋ ሥር ፈልገው ያገኙታል። የአራት ወር ቡችላ ቢበዛ አራት ሰዓት ያህል ቢይዝ ነው። ስለዚህ እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላና ከመተኛቱ በፊት ያውርዱት። ደረጃው ላይ እንዳይለቀው አቅፈው ይውረዱ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይውሰዱት፣ ዝም ብለው ይጠብቁ፣ ሲጨርስ እዚያው «ጎሽ» ብለው ይሸልሙት። ፎቅ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢሸልሙት የተሸለመው ደረጃ በመውጣቱ ይመስለዋል።

ሳሎኑን በሳሙና ካጠቡ በኋላ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠው ይጥረጉት፤ ሽታው ካልጠፋ እዚያው ይመለሳል። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር እንዳያደባልቁ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ደግሞ እባክዎ ፌስታል ይዘው ይውረዱ። ግቢው የጋራ ነው።

«ሚጥሚጣ ካበላኸው ኃይለኛ ይሆናል ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከሜክሲኮ)

ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ዘበኛ አያደርገውም። ቀኑን ሙሉ አስሮ ማዋልም እንደዚያው ነው፤ ሌባና የአክስትህን ልጅ የማይለይ ፈሪ ውሻ ይወጣል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬ ላይ ይዘላል። ብገፋውም ይብሳል።» (ከአምባሳደር አካባቢ)

መግፋቱን እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው። እጅዎን ሰብስበው ጀርባዎን ይስጡት፣ አይናገሩትም አይዩትም። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲይዙ ብቻ ዞር ብለው ያናግሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ እስከዚያ ነጠላውን በር ላይ ለሚቀበልዎ ሰው ያቀብሉ።

«የሦስት ወር ቡችላችን የልጄን እጅ እየነከሰ ያስለቅሳታል። ክፉ ሊሆን ነው?» (ከፒያሳ)

አይደለም። ቡችላ በአፉ ነው የሚጫወተው፤ የወተት ጥርሶቹም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየራሉ። ሲነክስ ጨዋታው ወዲያው ይቁም። ልጅሽ እጇን ሳትመነጭቅ ትነሳና ትሂድ። በእጅ ፋንታ የሚታኘክ ነገር፣ ለምሳሌ የተቋጠረ አሮጌ ጨርቅ፣ ስጡት። ትንሽ ልጅና ቡችላን ብቻቸውን አትተያቸው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው። ሳይከተብ የልጅሽን ቆዳ ከበሳ፣ ወይም የሰፈር ውሻ ከነከሳት፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ይሻላት እንደሆነ ልይ ብለሽ አትቆዪ፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።