ሐረጎ ላይ ጉልበት የሚያጣ ቱርቦ መኪና

ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪናህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣ ነግረኸኛል። ጥፋቱ የከፍታው አይደለም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው፤ በመካከሉ የአየር ግፊት የሚቀንሰው 8 በመቶ ገደማ ነው። ደህና ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) ፈጥኖ በመሽከርከር አብዛኛውን ይተካዋል። ሙሉ ጭነት ይዘህ ሐረጎን ስትወጣ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ያለ ነው። አንተ የምትለው ጥቁር ጭስ ግን ናፍጣው የሚበቃውን አየር አላገኘም ማለት ነው።

1. የአየር ፊልትሮውን እይ። በኮምፕሬሰር ደጋግሞ የተነፋ ወረቀት ይቀደዳል፤ ቀይረው።

2. ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም ወደ ሞተር የሚሄዱትን ቱቦዎች ፈትሽ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ የቱርቦውን አየር መግቢያ ድፈንና በመድፈኛው በኩል በግፊት መቆጣጠሪያ ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ስጠው፤ ከዚያ የሳሙና ውሃ ቀባ። ከማሰሪያው ሥር ያለ ስንጥቅ መኪናው ቆሞ አይታይም፣ በግፊት ብቻ ነው የሚከፈተው። ዘይት ያወዛበት ቦታ ካለ ከዚያ ጀምር።

3. ቱቦው ደህና ከሆነ የቱርቦውን ዘንግ በእጅህ ነቅንቀው። ምላጩ ቤቱን የሚነካ ከሆነ አልቆለታል።

(ጭስ ሳይኖር ቢደክም ኖሮ በአሮጌ ሞተር ላይ ወደ ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚልከው) የምትሄደዋን ቀጭን የአየር ቱቦ እይ እልህ ነበር።)

መካኒኩ «ፖምፓውን ልጨምርልህ» (የሚልከውን ናፍጣ ላብዛው ማለቱ ነው) ስላለህ ነገር፦ እንቢ በለው። አየር በጎደለበት ናፍጣ ሲጨመር የጭሱ ሙቀት ይንራል፤ ረጅም ዳገት ላይ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ይሰነጥቃል፣ ፒስተን ያቀልጣል።