ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ብቻውን የሚያጫውተው መጫወቻ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የነበረው ቤቴ ትዝ አለኝ። ልጅሽ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ሳሎኑ በመጫወቻ ተሞልቷል። አንቺ ወጥ ልትሠሪ ስትነሺ ግን ቀሚስሽን ይዞ ይከተልሻል፤ መጨረሻው ስልክ መስጠት ሆኗል። «ብቻውን የሚያጫውተው ምን ልግዛለት?» ነው ያልሽው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ሦስት ሊሞላው ነው። በእሷ የተማርኩትን በእሱ ሞክሬዋለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ልጅሽ ምንም አልሆነም። በዚህ ዕድሜ እናትን መከተል ያለ ነው። ሙሉ ሰዓት ብቻውን ይጫወታል ብለሽም አትጠብቂ። እኔ የምለካው በሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ሴቷ ልጄ ብቻዋን ከቆየች ለዚያን ቀን ይበቃኛል። መጀመሪያ ላይ ከትፌ እንኳ ሳልጨርስ ትመጣ ነበር። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በርበሬው ገብቶ ወጡ እስኪንተከተክ መቆየት ጀመረች።

አሁን ወደ መጫወቻው። ሴቷ ልጄ ሁለት ዓመት ስትሞላ አንድ መኪና ገዛንላት። ቁልፉን ስትጫኚው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይዘፍናል፣ ግድግዳ ሲነካ ራሱ ዞሮ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አየው። እሷም ቆማ አየችው። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ተጫነችና ዘፈኑ ሳያልቅ ትታው ወደ እኔ ኩሽና መጣች። ያኔ ነው የገባኝ። የሚጫወተው መኪናው ነው፤ እሷ ተመልካች ናት። ማየት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ገብቼ ዕቃ ሳነሣ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ይሄ ነገር ልጁ ካልነካው ምን ያደርጋል? ምንም የማያደርግ ከሆነ እገዛዋለሁ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ልጁን ይጠብቀዋል። ዛሬ ቤት፣ ነገ አልጋ፣ ከነገ ወዲያ ላም ይሆንለታል። የሚዘፍነው መኪና ግን ዛሬም ነገም የሚዘፍን መኪና ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ በገንዘብ የተገዛ እንኳ አይደለም። ሰፈራችን ካለ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ለምኜ አመጣሁ። ባለቤቴ ጠርዙንና ስንጥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አለሰለሰው። ቀለም አልቀባነውም። አርባ የሚሆኑ ነበሩ፤ አጭር፣ ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ሁሉም ከልጁ ጭብጥ የሚበልጡ። ኤምዲኤፉን ግን መልሼዋለሁ፤ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ስለሆነ ጠርዙ ይፈረፈራል። ድፍን እንጨት ብቻ ምረጪ።

አንድ ቀን ከኩሽና በር አጮልቄ አየኋት። ረጅሙን ጣውላ መሬት ላይ አስተኝታ ትንንሾቹን እንጨቶች በላዩ ደርድራለች። «ሳሪስ፣ ሳሪስ! ሁለት ሰው!» ትላለች። ትንሽ ቆየችና እንጨቶቹን በጣቷ እየገፋች «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለቻቸው። አንዱ ወደቀ። አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችውና «ወራጅ አለ» አለች። ከዚያ ጣውላውን እየጎተተች ወደ ሶፋው ሥር ሄደች። ሽንኩርቴ ሊያርብኝ ነበር፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ያን ቁርጥራጭ አሁን ወንድሟ ነው የያዘው። እሱ ሚኒባስ አይሠራበትም። ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይደረድራል።

ገንዘቡ ካለሽ፣ ወይም ከአሜሪካ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ለልጁ ምን ላምጣ?» ብሎ ከጠየቀሽ፣ ዱፕሎ በይው። ዱፕሎ የሌጎ ትልልቁ ዓይነት ነው። ጡቡ በርዝመትም በወርድም በከፍታም ከተለመደው ሌጎ እጥፍ ስለሆነ የተሠራው ከአንድ ዓመት ተኩል ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። ሲያድግ ደግሞ ከትንሹ ሌጎ ጋር ይገጥማል፣ አትጥይውም። ካልነገርሻቸው ያው የሚዘፍነውን ነው ይዘው የሚመጡት።

ሁለተኛው ዕቃቃ ነው። እኛ በጣሳና በቆርኪ ቡና እያፈላን ያደግንበት ዕቃቃ። ትንሽዬ ሰፌድ፣ የፕላስቲክ ጀበና፣ የማይሰበር ስኒ፣ አንድ የእንጨት ማማሰያ፣ በቃ። ለወንድ አይሆንም የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚ። የኔ ወንዱ ልጅ ጀበናዋን ያዘነብላል፣ ስኒውን ይሞላል፣ አያቱን «አቦል» ብሎ ይሰጣታል። ክዳን ያላቸው የተለያዩ የፕላስቲክ ዕቃዎችም ስጪው። የትኛው ክዳን የትኛው ላይ እንደሚገጥም ሲፈልግ እኔ ድንች ልጬ እጨርሳለሁ።

ሊጥም አለ። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ውሃ እየጨመርሽ እስኪለሰልስ ማሸት። እርድ ካደረግሽበት ቢጫ፣ የቀይ ሥር ውሃ ካደረግሽበት ሮዝ ይሆናል። በክዳን ዘግቼ ፍሪጅ ሳስቀምጠው ሁለት ሳምንት ይቆይልኛል። ጨው ስለሚበዛው እንዳይበላው ጠብቂው። ሁሉንም ነገር አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ ይሄን አሁን ተዪው። በሳፋ ውሃና በጣሳ መጫወትም በጣም ይወዳሉ፤ እሱ ግን ከአጠገብሽ ሳትርቂ ብቻ ነው። ውሃ ካለበት ለአፍታም ዞር አትበይ።

እዚህ ላይ እባክሽ በደንብ አንብቢኝ። ብቻውን እንዲጫወት የምንተወው ልጅ ነውና የሚሰጠው ዕቃ ጉሮሮ የሚያንቅ መሆን የለበትም። ቆርኪ፣ ብይ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ከሦስት ዓመት በታች አይሆንም። እኔ የምለካው በሶፍት ካርቶን ነው። የመጸዳጃ ሶፍቱ ሲያልቅ በሚቀረው ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ለዚህ ዕድሜ ትንሽ ነው። ከሁሉም የከፋችው ግን ያቺ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ ናት። አንድ ቀን ልጄ መዳፏ ውስጥ ይዛት አገኘኋት። የመጫወቻው የባትሪ ክዳን ብሎን አልነበረውም፤ ሲወድቅ ተከፍቶ ወጥታ ነበር። አልዋጠቻትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባትሪዋ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ እንደምትችል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤትሽ ያሉትን ሁሉ ዛሬውኑ ገልብጠሽ እዪ። ክዳኑ በብሎን ያልታሰረውን አውጪው። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ደግሞ እስኪያመው ሳትጠብቂ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሌላው ብዛቱ ነው። ሳሎኑ ሞልቷል ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ግማሹን ደብቂው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 36 ሕፃናትን አንዴ በ4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ አጫውቶ አይቷቸዋል። አራት ብቻ ሲሰጣቸው አንዱን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፣ በብዙ ዓይነት መንገድም ተጫወቱበት። ዕድሜያቸው ያንቺ ልጅ ዙሪያ ነበር፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል። እኔ ቤት ሦስት ካርቶን አለ። አንዱ ወለል ላይ፣ ሁለቱ ቁም ሳጥን ላይ። እሁድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እቀይራለሁ። ሰኞ ጠዋት የድሮውን ዕቃ እንደ አዲስ ነው የሚቀበሉት።

ዕቃውን ሰጥተሽ ወዲያው ብትሄጂ ግን አይሆንም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አብረሽው መሬት ላይ ቁጭ በይ። ስልክሽን ሌላ ክፍል ተዪው፣ ቴሌቪዥኑንም አጥፊው። ጨዋታው ሲይዘው «ወጡን ላማስል ነው፣ እመጣለሁ» በይውና ተነሺ። ተደብቀሽ አትሂጂ። ደግሞም እመጣለሁ ካልሽ ተመለሺ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ቃልሽን ካመነ ሊከተልሽ አይነሣም። የኔዎቹ ኩሽናው በር ላይ ምንጣፍ ሳነጥፍላቸው ይበልጥ ይቆያሉ፤ ጀርባዬን ያዩታላ።

ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዝም በይ። ይሄ ለእኔ ከባድ ነበር። «ጎበዝ የኔ ቆንጆ!» ባልኩ ቁጥር ልጄ ቀና ትላለች፣ ሚኒባሱ እዚያው ይቆማል፣ ወደ እኔ ትመጣለች። አሁን የማመሰግናቸው ራሳቸው አምጥተው ሲያሳዩኝ ነው። ለሞግዚቷም ይሄንኑ ነግሬያታለሁ።

ከቤተሰብ ወቀሳም ሊመጣ ይችላል። አማቴ መጀመሪያ «ምነው ልጁን ብቻውን ጣልሽው?» ይሉኝ ነበር፤ ልጅ በሰው መሃል ነው የሚያድገው ብለው። ልክ ናቸው፣ ከሰው መሃል አላወጣሁትም። አንድ ቀን አማቴን ከአጠገቤ አስቀምጬ ልጁን ዝም ብለን አየነው። ክዳኑን አዙሮ አዙሮ ሲያስገባ እሳቸውም እስኪጨርስ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ልጅሽ አሁን ከምንም በላይ የሚወደው ምንድን ነው? መወርወር ነው? ዕቃ መሙላትና መድፋት? መደርደር? ወይስ አንቺ የምትሠሪውን መሥራት? እሱን ካወቅሁ ከላይ ካልኳቸው መጀመሪያ የቱን አውጪለት የሚለውን እነግርሻለሁ።