እግር ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ፦ የቱ ይታለፋል፣ የቱ ሐኪም ቤት ያስኬዳል?

ከጅማ አንባቢዎች ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ውስጥ እግሬ ላይ አራት ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ። ካንሰር ይሆን? (ከሔርማታ)

መልስ፦ ጠቆር ያለ ቆዳ ባለው ሰው ውስጥ እግር ላይ ፈዛዛ ቡናማ ነጠብጣብ የተለመደ ነው። ለዓመታት ካልተለወጠ ይተዉት። የሚያሠጋው ከሌሎቹ ተለይቶ በጉልምስና የወጣው፣ የሚሰፋው፣ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነው፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ የሆነው ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር (ከእርሳስ ውፍረት) ከበለጠ አይጠብቁ። «እዚያ ፀሐይ አይደርስም» ማለትም አያዋጣም፤ በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው።

ጥያቄ፦ የቡና ኬሻ ወድቆብኝ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፤ አምስት ወር ሆነው። (ከመርካቶ)

መልስ፦ ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ፣ እስካሁን ከሥሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ጥፍር መታየት ነበረበት። ካልታየ በጥቁሩ የኋላ ጠርዝ ላይ በጥፍር ሞረድ ቀጭን ጭረት ያድርጉና በወሩ ይዩት። ጭረቱ ወደ ፊት ሄዶ ጥቁሩ ከኋላው ከቀረ ደም አይደለም፤ ሐኪም ያሳዩት። ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ መስመር እየሰፋ ከመጣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ግን ወሩንም አይጠብቁ። (በብዙ ጥፍሮች ላይ ያለ ቀጭን መስመር በእኛ ቆዳ የተለመደ ነው።) ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. የተገኘበት ሜላኖማ የእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነበር፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር።

ጥያቄ፦ የልጄ ጣት ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ነጭ እብጠት ወጣ፤ ያሳክከዋል። (ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ሙጀሌ ይመስላል። በአልኮል በተጠረገ መርፌ ዙሪያውን ከፍተው ሳይፈርጥ ሙሉውን ያውጡ፣ በሳሙና ይጠቡት። የቴታነስ ክትባቱንም ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ተረከዝ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ጎረቤት «በምላጭ ላንሣላት» አለች።

መልስ፦ እሺ እንዳይሉ! የላዩ ቢነሣም ሥሩ ይቀራል። ሜላኖማ ከሆነ ሐኪምም ሕክምናውን የሚወስነው ካንሰሩ ወደ ውስጥ የገባበትን ጥልቀት በማይክሮስኮፕ ለክቶ ነው፤ ተቆርጦ የተጣለ ነገር አይለካም። ጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፉና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። ናሙና ከተወሰደ የፓቶሎጂ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የተመረመረበትን) ውጤት ሳይቀበሉ አይመለሱ። ብሽሽታቸው ላይ እብጠት ካለ ወይም እግራቸው ላይ ያለ ቁስል በአራት ሳምንት ካልዳነ፣ ጥቁር ባይሆንም ይንገሩ። ወይን ጠጅ መሰል ጠቃጠቆ ከሆነ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል የኤች አይ ቪ ምርመራም ይታዘዝላቸዋል።