ከብሎን ፋብሪካ ወደ ከንቲባነት፦ ከበርሚንግሃም ለጻፈልኝ ወጣት

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ሂሳብ ትይዛለህ፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባህም፣ አንድ ቀን ግን የከተማዋ ምክር ቤት አባል መሆን ትመኛለህ። "የንግድ ሥራ ይጠቅመኛል ወይስ ሥራዬን ትቼ ልማር?" ብለሃል።

ሥራህን አትተው። መሀል ከተማው ላይ መታሰቢያ የቆመለት የቀድሞው የበርሚንግሃም ከንቲባ ጆሴፍ ቻምበርሌንም ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ16 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አባቱ የጫማ ሥራ ላይ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ በ18 ዓመቱ በርሚንግሃም መጥቶ የአክስቱ ባል የብሎን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከንቲባ የሆነው በ1873 ነው። በመካከሉ ያሉትን 19 ዓመታት እንድታስተውልልኝ እፈልጋለሁ። ቀን እየነገደ ማታ ሠራተኞችን ያስተምር ነበር። በ1869 ምክር ቤት ገባ፣ በ1870 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል ሆነ።

ከንቲባ ሲሆን ከሁሉ የረዳው ሂሳብ ማወቁ ነው። ሁለቱን የጋዝ ኩባንያዎች ከተማዋ ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ እንድትገዛ አደረገ። ያን ያህል ዕዳ የሚያስፈራ ነበር፤ እሱ ግን ገቢና ወጪውን አስልቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 34,000 ፓውንድ ትርፍ ተገኘ። የውሃ ኩባንያውን ለከተማዋ ሲያስገዛ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር፦ ከጋዝ ከተማዋ ታትርፍ፣ ከውሃ የሚተርፈው ግን ታሪፉን ይቀንስ አለ። የት ማትረፍ እንደማይገባ የሚያውቅ ነጋዴ ለሕዝብ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው፤ እኔ ሰውዬውን የማከብረው በዚህ ነው። ኮርፖሬሽን ስትሪት የተባለውን ጎዳና ሲያስገነባ ግን በቦታው የነበሩት ደሳሳ ቤቶች ነዋሪዎች በቂ ምትክ ሳያገኙ ተነሥተዋል። ይህንንም አብረህ ያዝ።

ዛሬ መንገዱ ትንሽ ይለያል። የበርሚንግሃም ሎርድ ሜየር (ከንቲባው) በምክር ቤቱ የሚመረጥ የክብር ሹም ነው፤ ሥልጣኑ ያለው በምክር ቤቱ መሪ እጅ ነው። ለምክር ቤት ለመወዳደር የብሪታንያ፣ የአየርላንድ፣ ብቁ የሆነ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) ወይም ብቁ የሆነ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ዜግነቱ ከሌለህ በዚያ በኩል አሁን አትድከም።

የትምህርት ቤት ቦርድ አባልነት ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ 18 ዓመት የሞላው ማመልከት ይችላል። ክፍያ የለውም፤ በጀት ማንበብ የሚችል ሰው ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ አንተ ደግሞ ትችላለህ። የሂሳብ ትምህርቱን በማታ ቀጥል። በዚህ ሳምንት በሰፈርህ ያለ ትምህርት ቤት ሄደህ የጎደለ የቦርድ ቦታ እንዳለ ጠይቅ፤ ያሉህንም ጻፍልኝ።