የድሮ የቆዳ ጥራዝ እጃችሁ ከገባ እባካችሁ ምንም አትቀቡት

ልጆች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አሮጌ መጻሕፍት ስጠግንና ስገምት ነው። ፎቶ እያሳያችሁኝ "ይሄ ስንት ያወጣል?" ስትሉኝ ከዋጋው በፊት የምጠይቃችሁ፣ የቀባችሁት ነገር አለ ወይ ነው። ቆዳው ደርቋል ብሎ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የጫማ ቀለም ምናምን የሚቀባ ሰው ብዙ ነው፣ አዝኖለት ነው የሚያደርገው፣ ግን ዘይቱ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ወረቀቱም ይዘልቃል፣ በኋላ ባለሙያ ሊጠግነው ሲል ሙጫ አልይዝ ይለዋል። ድሮ ትልልቅ ላይብረሪዎችም ይቀቡ ነበር፣ አሁን በአብዛኛው ትተውታል። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች መለጠፍም ያው ነው፣ ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ ይላቀቅና ሙጫው ቡኒ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል።

ስታዩት ደግሞ የወርቅ ጌጡ ላይ አትፍዘዙ። እኔ መጀመሪያ የማየው ሽፋኑ ከጀርባው ጋር የሚታጠፍበትን መስመር ነው፣ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ድካሙን የሚችለው እሱ ስለሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ሽፋኑን በእጃችሁ ደግፋችሁ 90 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ክፈቱት፣ ጠረጴዛ ላይ አትዘርጉት። ቆዳው ቢሰነጠቅም ውስጥ የተሰፋበት ገመድ ከያዘ ጥሩ ነው፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ ግን ዋጋው በደንብ ይወርዳል።

ከነካችሁት በኋላ ጣታችሁ ላይ እንደ ሸክላ ዱቄት ያለ ቀይ ብናኝ ከቀረ ቆዳው በአሲድ እየተበላ ነው ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) በተለፋ ቆዳ ላይ በጣም ይበዛል፣ አለፋፉና የከሰልና የጋዝ ጭስ ያመጣው ሰልፈር ተደማምረው ነው። የተበላው አይመለስም፣ ባለሙያ ግን ክሉሴል ጂ የሚባል በአልኮል የሚሟሟ ነገር ቀብቶ ብናኙን ሊያረጋው ይችላል።

ከዛ ገጽ መቁጠር ነው፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ ግን አትዝለሉት። ካርታና ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት ሥዕላቸው እየተቆረጠ ለብቻው ስለሚሸጥ ሽፋኑ አምሮ ውስጡ የጎደለ ብዙ ነው። ገጾቹ የተሰፉበት ስር ድረስ በመብራት እዩ፣ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ቆሞ ካገኛችሁ ምናልባት እዛ ጋር የነበረ ገጽ ተቆርጧል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠራዡ ራሱ ሥዕል ሊለጥፍበት የተወው ይሆናል፣ ስለዚህ የላይብረሪ ካታሎግ ላይ ያንኑ እትም ፈልጋችሁ የገጽና የሥዕል ቁጥሩን አስተያዩ።

ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ሲታጠፍ ቢሰበር አትደንግጡ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወረቀት ከእንጨት መሰራት ስለጀመረ አሲዱ ይጨርሰዋል። ከዛ በፊት ከጨርቅ ይሰራ ስለነበር የ1650 መጽሐፍ ከ1890ው የነጣ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ዋጋው ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፣ ሰው ዕድሜውን ብቻ ቆጥሮ ተስፋ ያደርጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ ትልልቅ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱሶች ቆዳቸው ሲያዩት ግርማ አለው ግን በገፍ ስለታተሙ ብዙ አያወጡም። ከ1501 በፊት፣ ማተሚያ ገና በተጀመረበት ዘመን የታተመ ከሆነ ግን ዋጋው ሌላ ወሬ ነው። ወሳኙ ፈላጊ መኖሩ፣ የመጀመሪያ እትም መሆኑ፣ ጥራዙ የጥንቱ መሆኑ ነው፣ የታወቀ ሰው ፊርማ ካለበት ደግሞ በጣም ይጨምራል፣ ስለዚህ የድሮ ባለቤት ስም አያችሁ ብላችሁ እንዳትፍቁ!

ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ አትመኑ፣ ሐራጅ ላይ በእውነት የተሸጠበትን ፈልጉ፣ ያውም ተመሳሳይ እትምና ተመሳሳይ ይዞታ ያለውን። የሚገምትላችሁ ሰው ራሱ መጽሐፉን ሊገዛ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ከመሸጣችሁ በፊት ለሌላም ሰው አሳዩት።